ያለ ሬሳ የወረደ ሙሾ

ባለፈው የካቲት ለለቅሶ መሐል ሜዳ ሄጄ ነበር። ሟቹ የሩቅ ዘመዴ ናቸው፤ ዕድሜ ጠግበው በአልጋቸው ላይ ያረፉ ሽማግሌ። ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል፣ ወንዶቹ በወዲያኛው ጥግ ካርታ ይጫወታሉ። የሚያለቅስ አለ፣ የሚናገር ግን የለም። ሰውየው ማን እንደነበሩ፣ ምን እንደሚወዱ፣ ለማን እንደደረሱ የሚል አንድ ስንኝ እንኳ አልወረደም። አጠገቤ የነበሩ አንዲት አሮጊት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ምን ዓይነት ለቅሶ ነው እናቴ፣ ጉንፋን እንደያዘው ሰው መናፈጥ ብቻ!» አሉኝ። ልስቅ ምንም አልቀረኝ። ሴትዮዋ የበልግ ካፊያ የመታው ባና ደርበው ነበርና የረጠበው የበግ ጠጉር ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ሳቄ ጠፋ። ያ ሽታ ለእኔ የአንድ ዓመት ሽታ ነው።

ያን ዓመት አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ከመሐል ሜዳ ወጣ ብላ ባለች መንደር ሦስት ሴቶች አንድ ቤት ውስጥ እንኖር ነበር፤ አያቴ፣ እናቴና እኔ። አያቴ የአባቴ እናት ናት። አገሩ ሁሉ «እትዬ ጌጤ» እያለ አንቱ ሲላት፣ አንቺ የምላት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ለእኔ እምዬ ነበረች። እናቴ አስካለ የመርሐቤቴ ልጅ ናት፤ ለአባቴ ተድራ ከቆላ የመጣች። የመንዝ ብርድ እስከ መጨረሻው አልተስማማትም፤ ከኅዳር እስከ ጥር ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ነበር የሚከርመው። አባቴ ደምሴ ደግሞ አልነበረም።

ጦርነቱ ሲጀመር ከመንደራችን ከዘመቱት አንዱ አባቴ ነው። ጦርነቱ አለቀ። አንዳንዶቹ ጓዛቸውን ይዘው ተመለሱ፣ የአንዳንዶቹ ደግሞ መርዶ መጣ። መርዶ በእኛ አገር የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ሽማግሎቹ ተሰብስበው ቤተሰቡ ሳይነሣ በር ላይ ይቆማሉ። ስለዚህ እናቴ ጎህ ሲቀድ ውሻ በጮኸ ቁጥር ብድግ ብላ ትቀመጣለች፤ ውሻው ዝም ሲል ተመልሳ ትተኛለች። እኛ በር ላይ የቆመ ሽማግሌ ግን አልነበረም። አባቴ ከተመለሱትም ከሞቱትም ሳይሆን ቀረ።

መርዶ ካልመጣ አይለቀስም። ካልተለቀሰ ደግሞ ፍትሐት የለም፣ ተዝካር የለም፣ ጥቁር መልበስ የለም። ጎረቤቱ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆኖ፣ «ደምሴ እንዴት ነው? ወሬ አላችሁ?» ይለናል፤ እኛም «ደኅና ነው» እንላለን። አያቴ የአባቴን ባና በየእሑዱ አውጥታ ፀሐይ ታስመታዋለች፤ ብል እንዳይበላው። እኔ ይህን ሁሉ እንደ ጥሩ ምልክት ነበር የማየው። ለማይመጣ ሰው ማን ባና ያሰጣል?

በመስከረም የእናቴ ወንድም ጋሼ ታደሰ ከዓለም ከተማ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አይናገርም፤ ስኳር ይዞልኝ መጥቶ ነበርና ወደድኩት። ጠላውን ከቀማመሰ በኋላ ግን አያቴን፣ «እትዬ፣ እህቴ ወይ ባል ይኑራት ወይ ሐዘን። ሁለቱም የሌላት ሴት ምን ትባላለች? ገና ልጅ ናት» አላት።

አያቴ እንዝርቷን ሳታቆም፣ «መርዶ መጣ?» አለችው።

«አልመጣም።»

«እንግዲያ ባሏ አለ።»

ጋሼ ታደሰ አንገቱን ደፍቶ በማግሥቱ ሄደ። እናቴ እስከ መንገዱ ሸኝታው ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ካልተለቀሰ አባቴ አለ፣ አባቴ ካለ እናቴ ከእኛ ጋር ትኖራለች። ይህን ለማወቅ አራተኛ ክፍል መድረስ አያስፈልግም።

አስተማሪዋ የመጣችው በጥቅምት፣ ገብሱ ነጥቶ አጨዳ ሲጀመር ነው። ስሟ ትዕግሥት ይባላል፤ ከአዲስ አበባ የመጣች የቋንቋ አጥኚ ናት። መንደርተኛው የቋንቋ አጥኚ ምን እንደሆነ ስላላወቀ አስተማሪ አላት። ትከሻዋ ላይ የሚንጠለጠል ቴፕ ነበራት፣ ቀይ መብራት ያለው። የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር ክፍል ሰጥቷት እዚያ እያደረች ጠዋት ጠዋት እኛ ቤት ትመጣ ነበር። እኛን የመረጠችን ሦስት ትውልድ አንድ ጣሪያ ሥር ስላገኘች ነው። ወንድ የሌለበት ቤት መሆኑም ሳይመቻት አልቀረም።

ሥራዋ እንዲህ ነው። መጀመሪያ አያቴን ትጠይቃለች፣ ቀጥሎ እናቴን፣ መጨረሻ እኔን፤ ለሦስታችንም ያው ጥያቄ። «ከገበያ ስትመለሱ ከየት መጣችሁ ቢሏችሁ ምን ትላላችሁ?» አያቴ፣ «ኸገበያ መጣሁ።» እናቴ ደግሞ አንዳንዴ እንደ አያቴ፣ አንዳንዴ እንደ እኔ። እኔ፣ «ከገበያ መጣሁ።» አያቴ «ሄድሁ» ስትል እኔ «ሄድኩ» እላለሁ። አስተማሪዋ ሁሉንም እየቀዳች ትጽፋለች፣ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም።

እኔ ፈተና መሰለኝ። ከክፍሌ አንደኛ ነበርኩና ከአያቴ ማነስ አልፈለግኩም፤ እሷ ስትሳሳት እጄን እያወጣሁ አርም ጀመር። «እምዬ፣ ኸ አይባልም፣ ከ ነው! ሞክሼ ካልሆነ በቀር…» ብዬ የክፍላችንን አስተማሪ ንግግር ደገምኩላት።

አያቴ ዓይኗን አጥብባ አየችኝና፣ «እኔ ስናገር ጎረቤት ሳይሰማኝ የቀረበት ቀን አለ?» አለች።

አስተማሪዋ ሳቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ዓይናለም፣ ማን ልክ ነው አንልም እኛ። ማን፣ መቼ፣ የት እንዲህ ይላል ነው የምንለው። አያትሽ በአያትሽ ዘመን ልክ ናቸው፣ አንቺም ባንቺ። መሐሉ ላይ ያለችው እናትሽ ናት፤ ቋንቋው ሲያልፍ የሚታየው በእሷ ነው» አለችኝ። ትውልዶቹን ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲያዩአቸው ቋንቋው ወዴት እየሄደ እንደሆነ ይታወቃል አለች። እናቴ የበግ ጠጉር እያበጠረች ነበር፤ ቀና ብላ፣ «እኔማ እዚህም እዚያም ያልሆንኩ ነኝ» አለች። አስተማሪዋ ስለ ቋንቋ መስሏት ይህንንም ጻፈችው።

የእኔ ሥራ ባትሪ ድንጋዩን ማሞቅ ነበር። ቴፑ ሲደክም ድንጋዮቹን አውጥቼ ግንቡ ላይ ፀሐይ አስመታቸዋለሁ፣ ሲሞቁ ትንሽ ነፍስ ይዘራሉ። እዚያ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ አስተማሪዋ አንዳንዴ መጥታ ታወራኛለች። አንድ ቀን፣ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ እያልን የምንቆጥራቸው ፊደላት ለምን ሦስት እንደሆኑ ታውቂያለሽ አለችኝ። አላውቅም። ዱሮ በግዕዙ ዘመን የሦስቱም ድምፅ ለየብቻ ነበር አለች፤ አንዱ ከጉሮሮ ጥልቅ የሚወጣ፣ አንዱ የሚከረክር። አሁን አፋችን ውስጥ አንድ ሆነዋል፣ መልካቸው ብቻ ወረቀት ላይ ቀረ።

«ሁለቱ ሞቱ?»

«እንደዚያ ማለት ይቻላል።»

«መቼ?»

«አይታወቅም። አንድ ቀን ተነሥቶ ዛሬ ሞተ የሚል የለም። ልጆች መናገር ይተዋሉ፣ አሮጊቶች ይናገራሉ፤ አሮጊቶቹም ያልፋሉ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው እንደሌለ የሚታወቀው።»

«መርዶ የላቸውማ» አልኩ።

ስለ አባቴ የነገራት አልነበረም፤ «ጎበዝ» ብላ ራሴን ዳሰሰችኝ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ከነከነኝ። መርዶ ሳይመጣም መሞት ይቻላል ማለት ነው። ማታ ለአያቴ ልነግራት ፈለግኩና አፌን ያዝኩ።

አያቴ ሙሾ አውራጅ ነበረች። ዘመሮ ድረስ በበቅሎ እየመጡ ይወስዷት ነበር። የሞተበት ቤት ስትደርስ መጀመሪያ አታለቅስም፤ ጓዳ ገብታ ቤተሰቡን በቀስታ ትጠይቃለች፤ ምን ይወድ ነበር፣ በሬውን ማን ብሎ ይጠራው ነበር፣ መጨረሻ ምን አለ? ከዚያ ወጥታ ስታወርደው ሰውየው የተነሣ ይመስል ነበር ይላሉ። «ሙሾ ስም ይፈልጋል። ስም የሌለው ሙሾ ጨው የሌለው ወጥ ነው» ትላለች። በእኔ ጊዜ ግን የሚጠራት እየቀነሰ ነበር። ቄሶቹ አጥብቀው አትጩኹ፣ ደረት አትምቱ፣ የክርስቲያን ሞት ዕረፍት ነው እያሉ ያስተምራሉ፤ ወጣቶቹም ሙሾ መማር ያፍራሉ። ከእሷ ኋላ የሚያወርድ አልነበረም።

አስተማሪዋ ይህን ስትሰማ እንደ ልጅ ደስ አላት። ቃል ሲጠፋ መጀመሪያ ከገበያ ነው የሚጠፋው፣ ቀጥሎ ከቤት፣ መጨረሻ የሚቀረው በለቅሶና በሠርግ ግጥም ውስጥ ነው አለች፤ ግጥሙ ቤት ስለሚመታ ቃሉን አውጥቶ ሌላ መተካት ያስቸግራል። «ዘገር» የሚለውን ቃል ያገኘችው በዚያ ሰሞን ነው። አያቴ በወሬ መሐል አንድ የዱሮ ስንኝ ጠቅሳ ነበር፤ እናቴም እኔም አላወቅነውም። ጦር ማለት ነው። «እርስዎስ ጦርን ዘገር ይሉታል?» ብላ ጠየቀቻት። «ኧረ ምን በወጣኝ፣ ጦር ነው እንጂ የምለው። ለሬሳ ብቻ ነው ዘገር የሚባል» አለች አያቴ።

«እንግዲያ አንድ ሙሾ ያውርዱልኝ፤ ከነዜማው ልቅዳው።»

አያቴ እንዝርቷን አስቀመጠች። እንዝርት ስታስቀምጥ ያየኋት ያኔ ነው መሰለኝ። «ያለ ሬሳ? ሟርት ነው ልጄ። ባዶ ቤት ሙሾ የወረደ እንደሆነ ሞት ማን ጠራኝ ብሎ ይመጣል» አለች።

«ለሞተ ሰው ይሁና፤ ለባለቤትዎ።»

«እሱ ተዘክሯል። ተዝካሩ የወጣ ሰው እንደገና አይለቀስም፣ ዕረፍቱን ይነሡታል። የእኔ ሙታን ሁሉ ተዘክረዋል።» እናቴ ተነሥታ ወደ ደጅ ወጣች።

አስተማሪዋ ግን በክፋት አልነበረም፣ አልገባትም። ከጥቂት ቀናት በኋላ አያቴን ለማስደሰት ብላ የቀዳችውን አሰማቻት። አያቴ ስለ ገብስ አዘራር ስታወራ የተቀዳ ነበር። ከቴፑ ውስጥ የአያቴ ድምፅ ሲወጣ አያቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ይህች ሴትዮስ አርጅታለች» አለችና ሳቅን። ቆይታ ግን፣ «ሰው ከሞተ ወዲያም ይናገራል ይኼ?» ብላ ጠየቀች።

«ይናገራል፤ ደኅና ከተቀመጠ ብዙ ዘመን ይቆያል።»

«ስምም ይጠራል?»

«የጠሩትን ሁሉ።»

አያቴ ሌላ ነገር አልጠየቀችም። ያን ሰሞን ሳል ይዟት ነበር፤ ስታስል ቴፑን በዓይኗ ትፈልገዋለች። እኔ ድምፅዋን እንዳይበላባት የምትጠብቀው መሰለኝ። ድንጋዩን የሚያህል ነገር እየበላ የሚያልቅበት ዕቃ ድምፅ ለምን አይበላም?

አስተማሪዋ ልትሄድ ጥቂት ቀን ሲቀራት፣ አንድ ጠዋት ስትገባ አያቴ ጠብቃ፣ «ነይ፣ ለማንም ላልሆነ ሰው አወርድልሻለሁ። በቀስታ። ቃሎቹን ብቻ» አለቻት። እናቴ ፈትል ልትሸጥ ገበያ ሄዳ ነበር። ውርጩ ቀልጦ የሣሩ ጫፍ ያብለጨልጫል፣ ከታች ማሳው ላይ አጫጆቹ እየተቀባበሉ ይዘፍናሉ። ያሞቅኋቸውን ድንጋዮች አስገባሁ፣ ቀይዋ መብራት በራች።

አያቴ ዓይኗን ጨፍና በለሆሳስ ጀመረች፦

ዘገሩን ሰበቀ ግላሱን ጣለበት፣
ያ ሎጋ ጎምላላ ኸወዴት መሸበት።

አስተማሪዋ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ከንፈሯን ነከሰች። ግላስ የሚባለው የፈረስ ልብስ ነው፤ ፈረስም ልብስም አልነበረንም። ለማንም ላልሆነ ሰው ነዋ። አያቴ እንዲህ ያሉ የዱሮ ጌቶች ሙሾ ሁለት ሦስት ደረደረች፣ ድምፅዋ ደረቅ፣ ፊቷም ለባዕድ የሚያወርድ ሰው ፊት። ከዚያ አቆመች። አለቀ ብዬ ነበር። ትንፋሽ ስባ ስትቀጥል ግን ድምፁ ሌላ ነበር፣ ከፍ ያለና ከሆድ የሚወጣ፦

ኹሉም ተመለሰ ጓዙን ተሸክሞ፣
የኔ ልጅ ብቻውን ምነው ቀረ ቆሞ።

አስተማሪዋ ቀና አለች። አያቴ ተነሥታ ቆማ ነበር፣ መቀነቷን ታጠብቃለች፦

መቃብርህ ወዴት ነው ባናዬን ላልብስህ፣
ደምሴ ውርጩ ጠና ብርዱ ሳይጨርስህ።

ስሙን ስትጠራ ጮኸች። ከታች ማሳው ላይ ዘፈኑ ተቋረጠ።

በእኛ አገር ሙሾ የሰማ ሰው የያዘውን ጥሎ ይመጣል፤ ለማን ነው ብሎ የሚጠይቀው ከደረሰ በኋላ ነው። አሁን ደግሞ ጥያቄም አላስፈለገም፤ ስሙ ተጠርቷል። የጎረቤታችን የአያ ጥላዬ ድምፅ ከማሳው ተሰማ፤ «ደምሴ ነው! የደምሴ መርዶ መጣ! ወንድሜን! ወንድሜን!» ማጭዳቸውን እየጣሉ ሽቅብ ሮጡ። ሴቶቹ ከየቤቱ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ እያሰሩ፣ ደረታቸውን እየደቁ ወጡ። ጥቂት ሳይቆይ ግቢያችን ሞላ። ስንት ዓመት በጉሮሯቸው ይዘውት እንደኖሩ ያኔ ነው የታየኝ፤ እንደዚያ ያለ ጩኸት ለድንገተኛ ወሬ አይጮኽም።

እኔ በሰው እግር መሐል እየተሹለከለክኩ፣ «ለቴፑ ነው! ለቴፑ ነው! መርዶ አልመጣም!» እል ነበር። የሰማኝ የለም። አንዷ እቅፍ አድርጋ፣ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አይዞሽ» አለችኝ፤ ተናደድኩባት። ሰው ሁሉ ተሳስቶ እኔ ብቻ እውነቱን የያዝኩ መሰለኝ። አስተማሪዋን ንገሪያቸው አልኳት። ቴፑን በሁለት እጇ ይዛ ግድግዳው ሥር ቆማ ታለቅሳለች፤ መብራቷም እንደበራች ናት።

እናቴን ያየኋት መንገዱ ላይ ነው። ያልሸጠችው ፈትል ከነቁናው እጇ ላይ ነበር። ግቢያችን በር ላይ ያሉትን ሴቶች ስታይ ቆመች። ከማንም ቀድሜ ደረስኩና ቀሚሷን ይዤ፣ «እማዬ፣ አባዬ አልሞተም! ለቴፑ ነው፣ እምዬ ለቴፑ ነው ያወረደችው!» አልኳት። ትከሻዬን ይዛ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። አመነችኝ። ፊቷ ላይ ደም ሲመለስ አየሁት፣ የተሰነጠቀው ከንፈሯ ሊስቅ ሲል አየሁት። ይህን ባላይ በወደድኩ።

እጄን ይዛ ሕዝቡን እየሰነጠቀች ገባች። «እሜቴ» አለች ለአያቴ፣ «ልጅቷ ምንድን ነው የምትለው? ለቴፑ ነው ያወረዱት?»

አዎ ማለት ትችል ነበር። ያለ ሬሳ ሙሾ አወረደች ተብሎ ትታማ ነበር፣ ቄሱም ይቆጧት ነበር፤ ሰዉ ግን እያጉረመረመ ወደ ገብሱ ይመለስ ነበር። እኔ በዓይኔ እለምናት ነበር። አስተማሪዋም ከግድግዳው ሥር፣ «አዎ፣ እኔ ነኝ የጠየቅኋቸው፣ ለጥናት…» ብላ ጀመረች። አያቴ እጇን አነሣችና ዝም አሰኘቻት።

«ለልጄ ነው» አለች። «ለልጄ ነው አስካለ። ደከመኝ።»

እናቴ ቁናውን ለቀቀችው። ከዚያ በኋላ የጮኸችው በሙሾ አልነበረም፣ ቃልም አልነበረውም።

በማግሥቱ መምሬ ኃይሌ፣ የንስሐ አባታችን፣ ለፍትሐቱ መጡና አንድ ነገር ቸገራቸው። አርባው ከመቼ ይቆጠር? ልጁ የሞተበትን ቀን የሚያውቅ የለም። ሽማግሎቹ ብዙ ተከራከሩ፤ አንዱ ጦርነቱ ካለቀበት ይቆጠር አሉ፣ ሌላው በመላ መቁጠር ኃጢአት ነው አሉ። መጨረሻ ሙሾው ከወረደበት ቀን ይቆጠር ተባለ። አባቴ እንግዲህ በዚያ በኅዳር ጠዋት፣ ፀሐይ ላይ፣ አያቴ ስሙን ስትጠራ ሞተ ማለት ነው። ዛሬም ሙት ዓመቱ የሚታሰበው በዚያው ቀን ነው።

አስተማሪዋ እስከ ሠልስቱ ከሴቶቹ ጋር መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፣ ቴፑን አልነካችውም። በሦስተኛው ቀን አያቴ አጠገብ ተንበርክካ፣ «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። አላወቅኩም ነበር። ያን ክር አጠፋዋለሁ፣ ባዶ አደርገዋለሁ» አለቻት።

«ለምን?»

«ሐዘንዎ ነው፤ ለትምህርት አይሆንም።»

አያቴ ድምፅዋ ሙልጭ ብሎ ጠፍቶ ነበር፣ በሹክሹክታ ነበር የምትናገረው። «አታጥፊው። ልጄ መቃብር የለውም፣ እንግዲህ እዚያ ይተኛ። ብቻ የሚሰሙት ሰዎች ዘገሩንና ግላሱን ለቅመው እንዳይሄዱ። ስሙንም ይጥሩት።» አስተማሪዋ የአያቴን ጉልበት ስማ ማለች። ስትሄድ ልትሰናበተኝ ፈለገችኝ፣ እኔ ግን ጎተራው ኋላ ተደብቄ እጄን አልሰጠኋትም። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም፤ ግን አንድ ሰው ላይ መሆን ነበረበት።

አያቴ ከዚያ በኋላ ሙሾ አላወረደችም። ለሰው ለቅሶ ስትጠራ ሄዳ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች፤ ሴቶቹ ዓይን ዓይኗን ያያሉ፣ እሷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትስባለች። ባናውንም ማስጣት ተወች። የረጠበ ጠጉር የሸተተው ያን ክረምት ነው፤ ጣሪያው ጥግ ላይ ሲያፈስ ውኃው ያረፈበት ባናው ላይ ነበር፣ ማንም አላነሣውም።

ከአርባው ተዝካር በኋላ ጋሼ ታደሰ መጥቶ ነበር። እንደ ልማዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እህቱን ይዞ መሄድ እንደሚፈልግ ተናገረ፤ የሚያገባት ሰው እንዳለ ሳይናገርም ይታወቅ ነበር። አያቴ ትከለክለዋለች ብዬ አየኋት። «ልጄን ቀብሬ ሚስቱን አላስርም» አለች። እኔ ትምህርቴን እንድጨርስ፣ አያቴም ብቻዋን እንዳትሆን ከእሷ ጋር እንድቀር ተስማሙ። ማንም አልጠየቀኝም። ለጥቂት ጊዜ ነው አሉኝ፤ ትልቅ ሰው ለጥቂት ጊዜ ሲል ልጅ የሚያምንበት ዕድሜ ላይ ነበርኩ።

በነጋታው እናቴን መሐል ሜዳ አውቶቡስ ድረስ ሸኘኋት። ጥቁር ለብሳ፣ ጠጉሯን ተላጭታ፣ ሌላ ሴት ትመስላለች። ሰዉ ጆንያውን ጣሪያ ላይ ሲጭን እኛ ጎማው አጠገብ ቆመናል። እንዳታለቅስ ብዬ ስለ ፈተናዬ አወራኋት። ረዳቱ ግቡ ሲል አቅፋ ለቀቀችኝ፣ ጋሼ ታደሰ ክንዷን ይዞ አሳፈራት። በመስኮቱ በኩል ሳያት አንድ ያልጠየቅኋት ነገር እንዳለ ትዝ አለኝ።

«እማዬ» አልኳት መስኮቱን እየደበደብኩ፣ «አባዬ ሲመጣ የት ሄደች ልበለው?»

ጋሼ ታደሰ ፊቱን አዞረ። ለለቅሶው የመጣው ሰው ሁሉ የነገረኝን እሷም ትነግረኛለች ብዬ ነበር፤ ሞቷል፣ አይመጣም፣ ተይ የኔ ልጅ። እናቴ መስኮቱን ከፍታ አንገቷን አወጣች፣ ማንም እንዳይሰማት ወደ ጆሮዬ ዝቅ አለች።

«ዓለም ከተማ በይው» አለችኝ።

አውቶቡሱ ሄደ። እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም።